ማሰሮ፣ እንስራና ጋን፦ የሰመመን ትምህርት በኮምፒዩተር

ሰመመንን እንቅልፍ ብለን የምንጠራው ሕሙሙ እንዳይፈራ ለማባበል ካልሆነ በቀር ነገሩ እንቅልፍ አይደለም። የተኛ ሰው ቢነኩት ይገላበጣል፣ ቢጠሩት ይነቃል፤ ለቀዶ ሕክምና በመድኃኒት የደነዘዘ ሰው ግን ቢጠሩት የማይሰማ፣ ቢቆርጡት የማያቃስት፣ አንዳንዴም እስትንፋሱን እንኳ በራሱ መሳብ የማይችል ስለሆነ፣ ወደ ሕሊናው እስኪመለስ ድረስ ሕይወቱ በራስጌው ለቆመው ባለሙያ የተሰጠች አደራ ናት። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ሲምፕሰን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1847 ለወላዶች ክሎሮፎርም መስጠት ሲጀምሩና ይህ ሥራ ከመጽሐፍ ቃል ጋር ይጣላል የሚል ነቀፌታ ሲነሣባቸው፣ አዳም ጎኑ ከመከፈቱ በፊት ከባድ እንቅልፍ የወደቀበትን የኦሪት ዘፍጥረትን ታሪክ ጠቅሰው ተከራክረዋል። ክርክራቸው ያማረ ነበር። ይሁን እንጂ በአዳም ላይ እንቅልፍን ያመጣው ፈጣሪ መጠኑን ያውቀዋል፤ ከደቂቀ አዳም የተወለደው ሐኪም ግን መጠኑን መማር አለበትና፣ በማን ገላ ላይ ይማረው? የዚህ ጥያቄ መልስ ለብዙ ዘመን አጭርና የሚያሳፍር ነበር፤ በሕሙሙ ገላ ላይ።

አብራሪዎች ከዚህ ዕዳ ቀድመው ወጥተዋል። የኦርጋን ሠሪ ልጅ የሆነው አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 ከኦርጋኑ ወናፍ በተወሰደ ብልሃት ከመሬት ሳይነሣ የሚያዘነብልና የሚንገዳገድ አውሮፕላን ሠርቶ ነበር፤ ዛሬም የአየር መንገዳችን አብራሪ ቦሌ ባለው ሲሙሌተር ውስጥ ሞተሩ ቢጠፋበት አንድም ተሳፋሪ አይጮኽም። ሐኪሞች ይህን ጥበብ ለመዋስ የወጠኑት ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

ጅማሬው በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። የትምህርት ሊቁ ስቲቨን አብርሃምሰንና የሰመመን ሐኪሙ ጀድሰን ዴንሰን፣ ከመሐንዲሶች ጋር ሆነው፣ ሲም ዋን ተብሎ የተጠራውን ምስለ ሕሙም ሠሩ። ቆዳው ፕላስቲክ የሆነው ይህ አሻንጉሊት በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ተንጋሎ፣ ግራ እጁ ለመርፌ ተዘርግቶ፣ በቀኝ ክንዱ የደም ግፊት መለኪያ ተጠምጥሞበት፣ ልቡ ባለበት ስፍራ ላይ ማዳመጫ ተለጥፎለት ይጠብቃል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ዐይኑን ይጨፍናል ይገልጣል፤ ብሌኑ ይሰፋል ይጠባል፤ መንጋጋው ይከፈታል፤ በጆሮ ግንዱና በአንገቱ ላይ እጁን ያኖረ ሰው ከልቡ ምት ጋር የሚገጥም ትርታ ያገኛል። በደም ሥር የሚሰጡ አራት መድኃኒቶችንና ሁለት ጋዞችን ያውቅ ነበር፤ መጠኑን ያበዛበት ደቀ መዝሙር ቅጣቱን ወዲያው ያያል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒዩተር የማስታወስ ችሎታው 4,096 ቃል ብቻ ነበረ፤ ዛሬ አንድ ልጅ በስልኩ የሚጫወተው ጨዋታ በዚህ ቢለካ ያስቃል። በሲም ዋን የሠለጠኑት ተማሪዎች ከሌሎቹ ቀድመው በትንፋሽ ቧንቧ ቱቦ ማስገባት መቻላቸው ተመዝግቧል፤ ነገር ግን ዋጋው ውድ ስለ ነበረ፣ ሐኪሞችም ተማሪ ከአሻንጉሊት ምን ይማራል ስላሉ፣ ሁለተኛ ሳይሠራለት ብቻውን ቀረ።

የሚተነፍስ አሻንጉሊት የጎብኚን ዐይን ይማርካል፤ ፎቶግራፍም የሚነሣው እርሱ ነው። በእኔ ግምት ግን የዚህ ጥበብ ዋናው ቁም ነገር በማይታየው ሒሳብ ውስጥ ነው፤ ሒሳቡም ለተማሪ ብቻ ሳይሆን በዚህ ሥራ ለሸበቱት መምህራን ጭምር ትምህርት ሰጥቷልና፣ ጥቂት እንቆይበት።

አንዲት ማሰሮ ውሃ እንበል። በአንድ ጎኗ በሰፋ ቧንቧ ከአንድ እንስራ ጋር፣ በሌላው ጎኗ ደግሞ እጅግ በቀጠነ ቧንቧ ከአንድ ትልቅ ጋን ጋር ተያይዛለች፤ ከሥሯም ትንሽ ቀዳዳ አላት። ማሰሮዋ ደም ናት፤ እንስራው ሥጋ ነው፤ ጋኑ ስብ ነው፤ ቀዳዳው መድኃኒቱን እያጣሩ የሚያስወግዱት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚጨምረው በማሰሮዋ ውስጥ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ወደ እንስራው ቶሎ፣ ወደ ጋኑም ቀስ እያለ ይሄዳል። ቀዶ ሕክምናው ባጭር ጊዜ ካለቀ ጋኑ ገና ባዶ ነውና ከማሰሮዋ መቅዳቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ደሙ በቀዳዳውም በጋኑም በኩል ቶሎ ይጠራል፣ ሕሙሙም ይነቃል። ሥራው ስምንት ሰዓት ከፈጀ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጋኑ ተሞልቷልና፣ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ የዋጠውን መልሶ ወደ ማሰሮዋ ያፈስሳል፤ ቀዳዳው ካወጣው ከፊሉን ጋኑ ይተካል። የቦስተኑ ሐኪም ጄምስ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዘጋጁት ጋዝ ማን የተባለው ፕሮግራም ተማሪው በአፍንጫ የሚሳበው ጋዝ ወደ ሳንባ፣ ወደ አንጎል፣ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሲገባ፣ ልክ እንዲህ ዕቃ ሲሞላና ሲጎድል በዐይኑ እንዲያይ ያደርገዋል።

እስከዚያ ዘመን ድረስ ሐኪሞች አንድ መድኃኒት ስንት ሰዓት ይቆያል ሲባሉ የሚመልሱት በመጽሐፍ የተጻፈውን ግማሽ ዕድሜ የሚባለውን፣ መድኃኒቱ በግማሽ እስኪቀንስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚናገረውን ቁጥር እያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ሂዩዝ የተባለው ተመራማሪና ጓደኞቹ ሒሳቡን በኮምፒዩተር ሲያስኬዱት ግን ያ ቁጥር ለሰመመን ባለሙያ ከመርዳት ይልቅ እንደሚያሳስተው ታየ፤ ሊጠየቅ የሚገባው መድኃኒቱ ለስንት ጊዜ ሲወርድ ነበር የሚለው ሆነ። ፌንታኒል የተባለው የሕመም ማስታገሻ ለስምንት ሰዓት ሲወርድ ውሎ ቢቆም በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በመጽሐፍ ያለው ግማሽ ዕድሜው ከፌንታኒል የማያንሰው ሱፌንታኒል ግን ከዚያው ስምንት ሰዓት በኋላ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይቀንሳል። በደም ውስጥ ሳለ የሚፈርሰው ሬሚፌንታኒልማ ሰዓት ቢወርድ ቀን ቢወርድ ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃዋል። ይህን ምስጢር ከብዙ ሕሙማን አልጋ አጠገብ ቆሞ በመመልከት ብቻ ለማግኘት ስንት ዓመትና ስንት ሰው እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምት።

በምስለ ሕሙም የሚሰጠው የአደጋ ጊዜ ትምህርት ግን ከዚህ ሒሳብ ይለያል፤ እርሱ የሚፈትነው ሰውን ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና በፓሎ አልቶ የጦር ጡረተኞች ሆስፒታል ያገለግሉ የነበሩት ዶክተር ዴቪድ ጋባ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አሻንጉሊትን ከኮምፒዩተር አጋጥመው ሙሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል አቆሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ም ከአብራሪዎች ሥልጠና የተቀዳውን በጭንቅ ጊዜ የመምራት ትምህርት ጀመሩ። ትምህርቱ እንዲህ ይመስላል። አሻንጉሊቱ ተኝቷል፤ ቀዳጁንም ነርሷንም ሆነው የሚሠሩት መምህራን ናቸው፤ ከመስታወቱ ማዶ የተቀመጠው መምህር የኦክስጅኑን መጠን ቀስ እያለ ያወርዳል፣ የመለኪያው ጢጥታም ከቅጥነት ወደ ውፍረት ይወርዳል። ተማሪው በጣት ላይ ያለውን መቆንጠጫ ያነሣና ይመልሳል፤ ወደ ሌላ ጣት ያዛውራል፤ ገመዱን ይነቀንቃል። ነርሷ፣ «ዶክተር፣ ቱቦው እሺ ነው?» ትላለች። ዝም። ደግማ ትላለች። ቱቦው ከማሽኑ ተላቅቋል። ሥራው አልቆ ሁሉም ቁጭ ብለው ቪዲዮውን ሲያዩ ተማሪው የነርሷን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ያን ጊዜ ነው።

ጋባ ይህን በአንድ ሐሳብ ላይ የመቸንከር ስሕተት በሦስት ከፍለው አስተምረዋል፤ አንዱ፣ ይህ ነው ከዚህ በቀር ሌላ የለም ማለት፤ ሁለተኛው፣ ሁሉም ሊሆን ይችላል ይህ ግን አይሆንም ማለት፤ ሦስተኛው፣ ምንም አልሆነም ማለት ነው። ለታላቅ ክብር መስጠት ባሕርያችን በሆነበት አገር ታናሹ ታላቁን «ጌታዬ፣ ቱቦው» ብሎ ለማቋረጥ ድፍረት ያጣልና፣ ለእኛ ከመሣሪያው ይልቅ ይህ ክፍል ይበልጥ ያስፈልገን ይመስለኛል።

ሒሳቡን ማድነቅ ግን ማመን ማለት አይደለም። ወተት የመሰለውን፣ ፕሮፖፎል የተባለውን የሰመመን መድኃኒት የሚያወርደው ፓምፕ ዛሬ ያንኑ የማሰሮና የጋን ሒሳብ በሆዱ ይዞ በሕያው ሰው ላይ ይሠራል፤ ከሒሳቦቹም አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሽኒደር ሒሳብ፣ የተቀመረው ከ24 ፈቃደኞች ደም ነው። የሰውነትን ከስብ የጠራ ክብደት የሚገምትበት ቀመር እጅግ ወፍራም የሆነውን ሰው ሲያገኝ ይሳሳታል፤ ሰውየው በወፈረ ቁጥር ሥጋው ቀነሰ ይላል፤ በዚህም ስሕተት ፓምፑ ከሚገባው በላይ እንዲያወርድ ያደርገዋል። ስለዚህ አንዳንድ ፓምፖች ከተወሰነ ልክ ያለፈ ክብደት እንዳይቀበሉ ተደርገዋል። ኮምፒዩተሩ አልዋሸም፤ ያላየውን ሰው አስላ ተብሎ የተጠየቀ ቀመር ነው።

በእኛም አገር ይህን የሚመስል ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህም አየር ሲተነፍስ የነበረ ሕሙም እስትንፋሱ ቢቋረጥበት በሳንባው ያለው የኦክስጅን ስንቅ ቶሎ ያልቃል፣ የሣቅ ጋዝ የተባለውም በዚያው መቶኛ ቢሰጥ ኃይሉ ይደክማል። በባሕር ጠለል ልክ የተሠራ ምስለ ሕሙም ግን ለተማሪያችን ከእውነቱ የበለጠ ጊዜ ይሰጠዋል። በሲሙሌሽን ክፍል የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ነገ ጠዋት ተማሪዎቹ ሳይገቡ ማሽኑን ከፍታችሁ የአየር ግፊት የሚሞላበት ስፍራ ካለው ተመልከቱት፤ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚል ከሆነ፣ ወደ 580 ዝቅ አድርጉት።