መንገዱ ተዘርግቷል፤ እግራችንስ?

የደም ግፊትም ሆነ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ምልክት ሳያሳዩ ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። ብዙዎች መታመማቸውን የሚያውቁት ኩላሊታቸው ከተጎዳ፣ ዓይናቸው ከደከመ ወይም ስትሮክ ካጋጠማቸው በኋላ ነው። ለሁለቱም ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋል ነው። ከቤት ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ቢሮ ወንበር፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ታክሲ የሚል ሰው በቀን ምን ያህል ይራመዳል? እስቲ የራስዎን የትናንት ውሎ ያስታውሱ።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ሠላሳውን ደቂቃ በአንድ ጊዜ መጨረስም ግዴታ አይደለም። ጧት 10፣ ከምሳ በኋላ 10፣ ማታ 10 ደቂቃ ቢራመዱም ይቆጠራል። በተለይ ከምግብ በኋላ የሚደረግ እርምጃ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በላይ እንዳይጨምር ያግዛል።

«የት ልራመድ?» የሚለው ጥያቄ ለብዙ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች እውነተኛ ችግር ነበር። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በተሠራው የኮሪደር ልማት ግን በበርካታ መስመሮች ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተዘርግተዋል። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተሰኘው ከተሽከርካሪ ነፃ ቀንም ብዙዎችን ለእንቅስቃሴ ወደ አስፋልት አውጥቷል።

ጀማሪ ከሆኑ ሜዳማ መንገድ ይምረጡ። በውጭ አገራት ሥራ ያቆሙ የባቡር ሐዲዶች ተነሥተው ለእግረኛና ለብስክሌት የተዘጋጁ መንገዶች በአረጋውያን ጭምር የሚወደዱት፣ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ መንገዳቸው ለጥ ያለ በመሆኑ ነው። የእኛ ከተማ ግን ዳገት ይበዛታል። ከአራት ኪሎ ወደ መስቀል አደባባይ ቁልቁል መውረድ ቀላል ነው፤ መመለሻው ግን ያስለከልካል። ስለዚህ ሲጀምሩ ወርደው በታክሲ ይመለሱ። ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ የሚገኘውን የእንጦጦ ፓርክን ሰውነትዎ ከለመደ በኋላ ይሞክሩት።

ፍጥነትዎ ትክክል መሆኑን በቀላሉ መለየት ይችላሉ። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልክ ነው። ማውራትም ካቃተዎት ቀስ ይበሉ።

ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ብስክሌት ሊመች ይችላል፤ የሰውነትን ክብደት መቀመጫው ስለሚሸከም መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ በመጠኑ እንዲታጠፍ መቀመጫውን ያስተካክሉ። ሄልሜት ያድርጉ። በእግርዎ ሲጓዙ ደግሞ የብስክሌቱን መስመር ለባለብስክሌት ይልቀቁ።

የስኳር ሕመም ካለብዎት የማይጠብ ጫማ ከካልሲ ጋር ያድርጉ፤ ሲመለሱም እግርዎ ላይ ቁስል መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ከረሜላ ከኪስዎ አይጥፋ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች «እየተራመድኩ ስለሆነ ተሽሎኛል» ብለው ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ መድኃኒታቸውን ማቆም የለባቸውም። የልብ ሕመም ያለባቸውም ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። ሲራመዱ ደረትዎን ካመመዎት፣ ራስዎን ካዞረዎት ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከገጠመዎት ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ሕክምናም ያግኙ።

ለመጀመር ሰኞን ወይም አዲስ ዓመትን አይጠብቁ። ዛሬ ከሥራ ሲመለሱ ከሚወርዱበት ፌርማታ አንድ ቀድመው ይውረዱና የቀረውን በእግርዎ ይጓዙ። ነገም ይድገሙት። ቤተሰብዎንም ያስከትሉ፤ ልጆች በቀን 60 ደቂቃ ያህል እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል። የደም ግፊትዎን ከተለኩ ከቆዩ ደግሞ አንዱን ቀን እርምጃዎን ወደ ጤና ጣቢያ ያድርጉት።

መልካም ጤንነት!