አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ፦ ከስሙ በፊት ውስጡን ይዩ

የጠመንጃ ወሬ ሲነሣ አያቶቻችን ስናድርን፣ ውጅግራን፣ አልቢንን፣ ምንሽርን በየስማቸው እየጠሩ ያወጉ ነበር። ስናድር እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር መቅደላ የደረሰው ነው። ሁሉም አንዲት ጥይት አርቀው የሚሰዱ የጦር መሣሪያዎች ናቸው። በዚያው ዘመን የበርሚንግሃምና የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ደግሞ በሌላ ሥራ ተጠምደው ነበር። ውስጡ ልሙጥ የሆነ፣ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን የተጣመሩበት፣ በረራ ላይ ያለችን ጅግራ ለመጣል የታሰበ የወፍ ጠመንጃ ይሠሩ ነበር። መቶ ዓመት የሞላቸው እነዚህ ጠመንጃዎች እንግሊዝ አገር ዛሬም በጨረታ ይሸጣሉ፤ ዛሬም ይተኮስባቸዋል።

መነሻው ፈረንሳይ ነው። የፓሪሱ ካዚሚር ለፎሾ የሠራው ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ታየ፤ እንግሊዞቹም ሐሳቡን ወስደው አራቀቁት። በ1875 በበርሚንግሃሙ ዌስትሊ ሪቻርድስ ቤት ይሠሩ የነበሩት አንሰንና ዲሊ፣ አፈሙዙ ተሰብሮ ሲከፈት መምቻውን በዚያው የሚወጥር አሠራር አመጡ። ይህ ቦክስሎክ የሚባለው ነው፤ ክፍሎቹ ጥቂት፣ ጠንካራና ለጥገና የማያስቸግር። ሳይድሎክ የሚባለው ወንድሙ መምቻዎቹን በጎንና በጎን ባሉ ሳህኖች ላይ ይሸከማል፤ ውበቱና የቅርጻ ቅርጹ ሰፊ ሜዳም ያ ነው። በ1880 ፍሬድሪክ ቢዝሊ የፈጠረውን ሳይድሎክ የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ፐርዲ ገዛው። ይኸው ቤት ዛሬም ይሠራዋል፤ የአዲሱ ዋጋ ከመቶ ሺህ ፓውንድ በላይ ነው።

ጀማሪ ገዢ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ዓይኑ ቅርጻ ቅርጹን፣ የዋልነት እንጨቱን ደም ሥርና የሠሪውን ስም ያያል። እኔ ብጠየቅ ግን በታወቀ ስም ከሚሸጥ ያለቀለት የለንደን ሳይድሎክ፣ አፈሙዙ ደህና የሆነ ተራ የበርሚንግሃም ቦክስሎክ እመርጣለሁ። ሰደፍ ይቀየራል፣ ምላጭ ይስተካከላል። ያለቀ አፈሙዝ ግን የጠመንጃው መጨረሻ ነው ለማለት ይቻላል፤ አዲስ ቱቦ ማስገባት አንዳንዴ ከጠመንጃው ዋጋ ይበልጣል።

እንግዲህ አፈሙዙን ከሰደፉ ነጥሎ ማየት ይገባል። በመንጠቆው በኩል በአንድ ጣት ያንጠልጥሉትና በሌላው እጅ ጥፍር ኮርኮም ያድርጉት። ጤነኛ ከሆነ ድምፁ እየጠራ ቆይቶ ይሞታል። እንደ ተሰነጠቀ ገል ዱብ ካለ ሁለቱን አፈሙዞች የያዘው ብየዳ ላልቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ወደ መስኮት አዙረው በውስጡ አሻግረው ይመልከቱ። ብርሃኑ በውስጡ ግድግዳ ላይ ቀለበት ቀለበት ጥላ ይሠራል፤ ቀለበቱ የተጣመመበት ቦታ ላይ ስርጉድ አለ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ደግሞ ዝገት በልቶታል። ዝገቱን ፍቆ ማንጣት ቀላል ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፍቅታ ግድግዳውን ያሳሳል። ስለዚህ ውስጡ መስታወት መስሎ ያብለጨለጨ ሁሉ አያስደስትም። ውፍረቱ በመሣሪያ ይለካ፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ወርዶ ከተገኘ ብዙ ጠመንጃ ጠጋኞች ይተዉት ይላሉ።

ከአፈሙዙ ግርጌ፣ ከታች በኩል ባለው ጠፍጣፋ ላይ የተመቱት ትንንሽ ማኅተሞች የጠመንጃው የልደት ወረቀት ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት ከመጠን ያለፈ ባሩድ ተጎርሶ በለንደን ወይም በ1813 በተቋቋመው በበርሚንግሃም የፍተሻ ቤት ይፈተናል። ፍተሻውን ያላለፈ ጠመንጃ መሸጥ ወንጀል መሆኑን የሚደነግገው አዋጅ የወጣውም በዚያው በመቅደላው ዓመት፣ በ1868 ነው። ማኅተሙ ጠመንጃው ለጥቁር ባሩድ ብቻ ይሁን ወይም ለዛሬው ጭስ አልባ ባሩድም ጭምር መፈተኑን ይናገራል። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች አብረው ተጠምዝዘው፣ ተጠቅልለውና በእሳት ተበይደው የሚሠሩት የደማስቆ አፈሙዞች ውበታቸው ልዩ ነው። ለጭስ አልባ ባሩድ ያልተፈተኑትን ግን ግድግዳ ላይ መስቀል ይሻላል።

አንድ ወጥመድም አለ። አሮጌዎቹ ብዙውን ጊዜ መጉረሻቸው 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዛሬው የተለመደ ጥይት ደግሞ 70። የጥይቱ ቁጥር የተተኮሰው ቀለህ ርዝመት ስለሆነ፣ አፉ የታጠፈው አዲሱ ጥይት ሰተት ብሎ ይገባል። ሲተኮስ ግን እጥፋቱ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፤ ግፊቱም ያሻቅባል። የገባ ሁሉ ይተኮሳል ማለት አይደለም።

አፈሙዙ ካለፈ ማጠፊያው ይፈተሽ። ከአፈሙዙ ሥር ያለውን የፊት እንጨት ያውጡ፤ የእሱ ስፕሪንግ ልልነትን ይደብቃልና። ከዚያ ጠመንጃውን ዘግተው አንገቱን ይያዙና ይነቅንቁት። ከተንቋቋ ጥገና ይጠብቀዋል። የሰደፉ አንገት ላይ የጸጉር ያህል ስንጥቅ ካለም በደንብ ይዩት።

መጠኑ ደግሞ እንደ ልብስ ነው። ዓይንዎን ጨፍነው ጠመንጃውን ወደ ትከሻ ያምጡ፤ ዓይንዎን ሲገልጡ አፈሙዙ ወዳሰቡት ቦታ ካልጠቆመ ሰደፉ ረዝሟል፣ አጥሯል፣ ወይም መታጠፍ አለበት። ለቀኝ እጅ ተኳሽ ሰደፉ በጥቂቱ ወደ ቀኝ የተለመጠ ነው።

አተኳኮሱ ከምንሽር ይለያል። ትንሽ የእርሳስ ፍንጣሪ ነው የሚወረወረው፤ በ28 ግራም ውስጥ የእንግሊዙ ቁጥር 6 ፍንጣሪ 270 ያህል ይሆናል። ለአሮጌ ጠመንጃ ከዚያም የሚቀለው 21 ወይም 24 ግራም ይበቃል፤ ትከሻንም እንጨትንም ያድናል። አንድ ዓይን ጨፍኖ ማነጣጠር እዚህ አይሠራም። ሁለቱም ዓይኖች ወፏ ላይ ይሁኑ፣ ግራ እጅ አፈሙዙን ይምራ፤ ከኋላዋ ተነሥተው፣ አልፈዋት ሲሄዱ ምላጩን ይሳቡ፣ እጅዎም አይቁም። ብዙ ሰው የሚስተው በመቆሙ ነው።

ሁለቱ ምላጮች ጌጥ አይደሉም። የፊተኛው ቀኙን አፈሙዝ ይተኩሳል፤ ጫፉ ሰፋ ያለ ስለሆነ ፍንጣሪው ቶሎ ይበተናል። የኋለኛው ለግራው ነው፤ ጫፉ ጠበብ ይላል፤ ፍንጣሪውን ሰብስቦ ያርቃል። ወፏ ከእርስዎ እየራቀች ከሆነ ከቀኙ ይጀምሩ፤ ወደ እርስዎ እየመጣች ከሆነ ግን ገና በሩቁ በግራው። ባለ አንድ ምላጭ ጠመንጃ ይህን ምርጫ በእንዲህ ያለ ፍጥነት አይሰጥም።

ሳይተኩሱ ሲቆሙም ሆነ ሲራመዱ አፈሙዙ ተከፍቶ ይያዝ። ሥራ ሲያበቃ ተወልውሎ አፈሙዙ ወደ ታች ተደፍቶ ይቀመጥ፤ አለዚያ ዘይቱ ወደ አንገቱ ወርዶ እንጨቱን ያበሰብሳል። በእንግሊዝ የውሃ ወፍ በእርሳስ መምታት ከ1999 ጀምሮ ተከልክሏል። የብረት ፍንጣሪ ለአሮጌ አፈሙዝ ጠንካራ ስለሆነ፣ በእርሳሱ ፈንታ የቢስመዝ ፍንጣሪ ይግዙ። ብሪታንያ የሚኖር አንባቢ ደግሞ ጨረታ ከመግባቱ በፊት የፖሊስ ፈቃድ ያውጣ፤ ሂሳብ ከመክፈሉ በፊትም አፈሙዙን ለጠመንጃ ጠጋኝ ያስለካ።