«ሞተሩን ላቅልለው» ለሚል ልጅ ገንዘብ ከመስጠት በፊት

በራማት ፖሌግ የምንኖር ሰዎች ድምፁን እናውቀዋለን። ሻባት ሲወጣ በኢኬያ በኩል አድርገው ወደ 2 ቁጥር መንገድ የሚወጡት ትንንሽ የስፖርት ሞተር ሳይክሎች መስኮት ያንቀጠቅጣሉ። ከነጂዎቹ መካከል የእኛም ልጆች አሉ፤ አንዳንዱ ከጻሃል እንደተፈታ፣ አንዳንዱ ገና ትምህርት ላይ እያለ የገዛ ነው። ገንዘቡን ብዙ ጊዜ የሚያዋጡት ግን እናትና አባት ናቸው። በነርስነት ሥራዬ የማገኛቸው ወላጆችም ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ከተነጋገርን በኋላ ይህን ያነሡብኛል፦ «ልጄ፣ አንቺ ወጣት ነሽና ይገባሻል፤ ወንድምሽ ሞተሩን ላቅልለው ብሎ 3,000 ሸቀል ስጡኝ ይለናል። ማቅለል ምንድን ነው?»

ጥያቄው ጥሩ ነው። የእኔ መልስ «አትስጡት» አይደለም። «የትኛውን ዕቃ ነው የምታወጣው?» ብላችሁ ጠይቁት ነው የምለው፤ ምክንያቱም ከሞተር ሳይክል ላይ የሚወጣው ኪሎ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

ማቅለል ማለት ከባድ የሆነውን ዕቃ አውጥቶ በቀላል መተካት፣ ወይም ጭራሽ ማስወገድ ነው። ነገሩ ራሱ ሞኝነት የለበትም። አገር ቤት አህያ የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ሸክሟ ሲቀልላት ዳገቱን ቶሎ ትወጣለች፣ ጠመዝማዛውንም ሳትንገዳገድ ታልፋለች። ሞተር ሳይክልም ሲቀል ቶሎ ይነሳል፣ ጥምዝ ላይ ይታዘዛል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ያማሃ አር 3 የሚባለው ነዳጁን ጨምሮ 169 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ካዋሳኪ ኒንጃ 400ም 168 ኪሎ ገደማ ነው። ነጂው 70 ኪሎ ቢሆን አር 3 ከነሰውየው 239 ኪሎ ይሆናል። ልጁ 3,000 ሸቀል አውጥቶ 5 ኪሎ ቢቀንስ፣ የቀነሰው ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ነው። በውድድር ሜዳ ላይ በሴኮንድ ክፋይ ለሚሽቀዳደም ሰው ይህ ብዙ ነው። ከራማት ፖሌግ ተነሥቶ ሥራው ቦታ እስኪደርስ አሥር ጊዜ ቀይ መብራት ለሚይዘው ልጅ ግን ልዩነቱ የሚታወቀው በኪሱ ነው።

ደግሞ ያለ ምንም ወጪ የሚቀንስ ክብደት አለ። የእነዚህ ሞተሮች ታንከር 14 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር ቤንዚን 750 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ሙሉ ታንከር ከ10 ኪሎ በላይ ነው። ታንከሩን እስከ ግማሽ ብቻ የሚሞላ ልጅ አንድ አጎራ ሳያወጣ 5 ኪሎ አቀለለ ማለት ነው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ግን እውነት ነው። ካቴናው ንጹሕና ዘይት የጠጣ ከሆነ፣ የጎማው ንፋስም ልክ ከሆነ ሞተሩ የሚሰጠው ቅልጥፍና ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል።

ገንዘብ ወጥቶባቸው ጉዳት የሌላቸው ለውጦችም አሉ። ዋናው ባትሪ ነው። ፋብሪካው የሚገጥመው የእርሳስ ባትሪ 3 ኪሎ ያህል ሲሆን በእሱ ቦታ የሚገባው የሊቲየም ባትሪ 1 ኪሎ ገደማ ነው። ልጁ ይህን ካለ፣ ለዚያው ሞተር ልክ የሆነውን ከታወቀ ሱቅ በደረሰኝ ይግዛ። ቻርጅ የሚደረገው ለሊቲየም በተሠራ ቻርጀር ብቻ ነው። ባትሪውን ሳሎን አምጥቶ ከሶፋው አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰካው ግን ዝም አትበሉት። ቀላል ቸርኬም አለ፤ የሚሽከረከር ነገር ሲቀል ጥቅሙ ከሌላው ኪሎ ይበልጣልና መካኒኮች ይወዱታል። ነገር ግን ዋጋው ብዙ ሺህ ሸቀል ነው። ለትንሽ ሞተር ያን ያህል ማውጣት፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለበቅሎ የወርቅ እርካብ እንደማሠራት ነው።

አብዛኛው ልጅ የሚጀምረው ከማርሚታው፣ ማለትም ከጭስ ማውጫው ነው። የፋብሪካው ከባድ ስለሆነ በሌላ ሲለወጥ 2 ወይም 3 ኪሎ ይቀንሳል፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ1,000 ሸቀል በላይ ነው። በሐቅ እንነጋገር ከተባለ ልጆቹ የሚፈልጉት ከክብደቱ ይልቅ ድምፁን ነው። በአገሩ ሕግ የተሽከርካሪን አሠራር የሚለውጥ ነገር የሚስራድ ሀታህቡራን፣ የትራንስፖርት ሚኒስቴርን፣ ደንብ መከተል አለበት። ከልክ በላይ የሚጮህ ሞተር በፖሊስ ቢያዝ ቅጣት ብቻ ሳይሆን እስኪስተካከል ድረስ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ሊታገድ ይችላል። ለዚህ ነው አንዳንዶች ለዓመታዊው ቴስት ሲሉ የድሮውን ማርሚታ ለአንድ ቀን ገጥመው፣ ማግስቱን የሚያወጡት። ልጃችሁ «ቴስት አልፏል እኮ» ካላችሁ፣ ያለፈው በየትኛው ማርሚታ እንደሆነ ጠይቁት።

ከሁሉ በላይ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው የመንጃ ፈቃዱን ጉዳይ ነው። በእስራኤል የሞተር ሳይክል ፈቃድ ደረጃ ደረጃ አለው። ኤ2 የሚባለው ከ16 ዓመት ጀምሮ የሚገኝ ሲሆን ከ125 ሲሲ የማይበልጥና 15 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ሞተር ያስነዳል። ኤ1 ከ18 ዓመት ጀምሮ እስከ 47 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያስነዳል። ከዚያ በላይ ላለው ኤ ያስፈልጋል፤ ለዚህም 21 ዓመት መሙላት አለበት። ኒንጃ 400 ከፋብሪካ ሲወጣ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፤ ከኤ1 ወሰን ብዙ አይርቅም። ማርሚታው ከነቧንቧው ተለውጦ የኮምፒውተሩ ፕሮግራምም ከተነካካ ወሰኑን ሊያልፍ ይችላል። ባለ 125ውን ሲሊንደር አስፍቶ የሚገጥም ደግሞ ያለ ጥርጥር ከኤ2 ውጭ ወጣ።

ይህ ለምን ያሳስበናል? በ1975 የወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሳ ሕግ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ነጂውንም ተሳፋሪውንም እግረኛውንም በቢቱዋህ ሆቫ በኩል ይክሳል። ሕክምናውን፣ የጠፋውን ደመወዝ፣ የአካል ጉዳቱን ሁሉ ይሸፍናል። ነገር ግን ሕጉ ራሱ ካሳ የማይገባቸውን ሰዎች ይዘረዝራል። ለዚያ ዓይነት ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው የነዳ ሰው ከእነሱ አንዱ ነው። ኢንሹራንስ ሳይኖረው ወይም ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን አነዳድ የነዳም እንዲሁ። ከከባድ አደጋ በኋላ ኩባንያው ሞተሩን ሊያስመረምር ይችላል። እንግዲህ ለቢቱዋህ ሆቫው በየዓመቱ ብዙ ሺህ ሸቀል ተከፍሎ፣ ልጁ እግሩ ሲሰበር ካሳው ሁሉ በጥቂት የፈረስ ጉልበት ምክንያት ጥያቄ ውስጥ ሊገባ ነው። ለሞተሩ ለራሱ የተገዛ ቢቱዋህ ማኪፍ ካለም፣ ለውጡ ለኩባንያው ካልተነገረ ክፍያው ሊቀነስ ወይም ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ለውጥ ከመደረጉ በፊት ልጁ ለኢንሹራንስ ሰውየው በጽሑፍ ይንገር፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። የቃል ንግግር አይበቃም። በነገራችን ላይ የቢቱዋህ ሆቫ ዋጋ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን፣ ራሹት ሹክ ሀሆን፣ ዋጋ የሚያወዳድር ነጻ መቁጠሪያ በኢንተርኔት አለው፤ ከማደሻው በፊት ልጁ አጠገባችሁ ተቀምጦ ይክፈተው።

በምንም ዋጋ መውጣት የሌለባቸው ዕቃዎችም አሉ። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ የጭቃ መከላከያ፣ የካቴና ሽፋን። አንዳንዱ ልጅ ኤ.ቢ.ኤስ የተባለውን፣ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን ዕቃ ያስወጣል። የዕቃው ክብደት ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ በአስፋልቱ ላይ የከረመው አቧራና ዘይት መንገዱን ሳሙና ያደርገዋል፤ ያን ቀን ያ አንድ ኪሎ ምን እንደሚሠራ ይታያል።

እኔን በሥራዬ በኩል የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ኪሎ ነው። ጃኬት፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ ሱሪና ሄልሜት ተደምረው ከ5 እስከ 7 ኪሎ ይሆናሉ። ሞተሩን ለማቅለል ሺዎች የሚያወጣው ልጅ በሐምሌ ሙቀት መጀመሪያ የሚያወልቀው እነዚህን ነው፤ ሄልሜቱን ብቻ አስቀርቶ በቲሸርትና በሰንደል ጫማ ይወጣል። ሰው ሲወድቅ ሳያስብ እጁን ይዘረጋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚላጠው የእጅ መዳፉ ነው፣ ከዚያ ክርኑና ጉልበቱ። ቀጭን ጂንስ አስፋልት ላይ ቶሎ ይበሳል። ቁስሉ ውስጥ የገባው አሸዋ በሚገባ ካልታጠበ ከቆዳው ሥር ይቀርና ለዕድሜ ልክ ጥቁር ምልክት ይሆናል። የቴታነስ ክትባት መታየት አለበት፣ ፋሻው በየጊዜው መቀየር አለበት። መዳፉ የተላጠ ጎልማሳ ደግሞ እናቱ ካላጎረሰችው እንጀራ አይበላም፤ ይህን ስል ቀልድ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ያጎረሱትን እናቶች ጠይቁ። ለሙቀት ጊዜ የተሠራ፣ ንፋስ የሚያስገባና ክርንና ትከሻው ላይ መከላከያ ያለው ጃኬት አለ። 3,000 ሸቀሉን የምትሰጡ ከሆነ መጀመሪያ ለእሱና ለጓንቱ ይሁን።

ሞተሩን ለሥራ የሚፈልገው ልጅም አለ። ምግብ ማድረስ፣ ሽሊሁዮት፣ ለወጣት ቶሎ የሚገኝ ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ ግን የስፖርት ሞተር አልመክርም። በስፖርት ሞተር ላይ ነጂው ወደ ፊት ተደፍቶ ስለሚቀመጥ የሰውነቱ ክብደት የእጁ አንጓ ላይ ያርፋል፤ በቀን ስምንት ሰዓት እንዲህ ሲውል ወገቡም አንጓውም ይታመማል። በዚያ ላይ የኋላው የምግብ ሳጥን የቀነሰውን ኪሎ መልሶ ያመጣዋል። ቃትኖዓ ይሻላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ተቀጣሪ ነው ወይስ ዓጽማኢ፣ ማለት በራሱ የሚሠራ? የሚለው ይጣራ። ዓጽማኢ ከሆነ ከአደጋው በፊት በቢቱዋህ ሌኡሚ ካልተመዘገበ የሥራ አደጋ ክፍያ አያገኝም። የተመዘገበ ሰው ግን ከገቢው 75 ከመቶ እስከ 91 ቀን ድረስ ይከፈለዋል፤ ለዓጽማኢ የመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት አይከፈሉም። ሞተሩን ለማድረስ ሥራ እንደሚጠቀምበትም ለኢንሹራንሱ ይንገር።

መፍታትና መግጠም የሚወድ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ይህ ፍቅሩ እንጀራ ሊሆን ይችላል። በ2016 የወጣው ሕግ የጋራዥና የመለዋወጫ ሥራን በፈቃድ አስሮታል፤ ስለዚህ በልምድ ብቻ የሚሠራ ሰው ሩቅ አይሄድም። ከጻሃል የተፈታ ወጣት የፒቃዶን ገንዘቡን በታወቀ ተቋም ለሙያ ትምህርት ሊያውለው ይችላል። ያው ገንዘብ ሞተር ለመግዛት አይወጣም፤ ከተፈታ 5 ዓመት ካለፈው ግን የቀረውን ለፈለገው ነገር ሊያወጣው ይችላል።

ገና ሊገዛ ያሰበ ካለ፣ ሁለተኛ እጅ የሆነ ሞተር በፊተኛው ባለቤት ተነካክቶ ሊሆን እንደሚችል ያስብ። በፈቃድ የሚሠራ የምርመራ ቦታ ወስዶ ያስየው፣ በሪሻዮኑ ላይ የተጻፈውም ከሞተሩ ጋር ይመሳከር። ዕዳ እንዳለበትና እንደሌለበትም በራሻም ሀማሽኮኖት ይጣራል። ለውጥ ሲያደርግ ደግሞ ያወጣውን የፋብሪካ ዕቃ አይጣል። ማርሚታውም፣ ባትሪውም፣ ብሎኑም በአንድ ካርቶን ከነደረሰኙ ማህሳን ውስጥ ይቀመጥ፤ ሞተሩን የሚሸጥ ቀን ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።