ሥራን የሚያሳምር የዕለት ልማድ

ልጆች ሆይ፤ በሥራው የተመሰገነ ሰው ባያችሁ ጊዜ «ይህ ሰው ሲፈጠርም ብልህ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ብልህ ሆኖ ሳለ ሥራው የሚበላሽበት ሰው ብዙ ነው። ሥራን የሚያሳምረው በየቀኑ በጊዜው የሚደረግ ትንሽ ልማድ ነው። የዚህም ምሳሌ ከአገራችን አይታጣም።

በጋይንት አገር ቤተልሔም የምትባል ደብር አለች፤ የድጓ ማስመስከሪያ በመሆንዋ ስሟ በኢትዮጵያ ሁሉ የታወቀ ነው። ድጓ ማለት የዓመቱ በዓላት ዜማ የተሰበሰበበት ታላቅ መጽሐፍ ነው። ደራሲው በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ነው ይባላል። ከፊደሉ በላይ ይዘት፥ ደረት፥ ርክርክ የሚባሉና እነዚህን የመሳሰሉ ጥቃቅን ምልክቶች ተጽፈውበታል፤ ከነዚህ አንዱ ያለ ቦታው ቢገባ ዜማው ይለወጣል።

በቀድሞ ዘመን ይህን ትምህርት የሚሻ ተማሪ ከእስቴም ከስማዳም ከሌላም ሩቅ አገር ወደዚያ ይሄድ ነበር። ልብሱ ደበሎ፥ ቤቱ ትንሽ ጎጆ፥ ምግቡም በአኩፋዳ ለምኖ ያገኘው ቁራሽ ነበር። እንዲህ ያለ ድኻ ያን ሁሉ ዜማ እንዴት አድርጎ ያዘው? በአራት ልማድ ነው።

መጀመሪያ፥ ዶሮ ሲጮኽ ይነሣ ነበር። መብራት ስለሌለው የቃሉን ትምህርት በጨለማ ይደግማል፤ ዓይን ሥራ ሲፈታ ጆሮና ልብ ይተጋሉና።

ሁለተኛ፥ የትናንቱን ሳይከልስ አዲስ ቀለም አይቀጽልም ነበር። ያልደረቀ ጭቃ ላይ ሌላ ጭቃ የሚመርግ ሰው ሁለቱንም ያፈርሳልና።

ሦስተኛ፥ ብዕሩን ቀርጾ፥ ቀለሙን በጥብጦ፥ ብራናውን አሰናድቶ ይቀመጥ ነበር። የሚማርበትን ድጓ ብዙ ጊዜ በገዛ እጁ ይጽፈው ነበርና።

አራተኛ፥ ስሕተቱን ከመምህሩ አይሸሽግም ነበር። የኔታ «ተመለስ» ሲሉት ሳያኮርፍ ይመለስና እስኪቀና ድረስ ይደግመዋል።

እስቲ ሁለት ተማሪዎች አስቡ። አንዱ እነዚህን ልማዶች ጠበቀ። ሁለተኛው ግን «ነገ እከልሰዋለሁ» እያለ አንዱን ምልክት አሳስቶ ያዘ። ዓመታት አለፉና ሁለቱም መሪጌታ ሆኑ። የሁለተኛው ደቀ መዛሙርት ሁሉ ያችን ስሕተት እንደ እውነት ተቀበሉ፤ እነርሱም በተራቸው ለሌሎች አስተማሩአት። የተማሪ ስሕተት በአንድ ቀን ትታረማለች፤ የመምህር ስሕተት ግን ለትውልድ ትተርፋለች።

ይህ ነገር ለዜማ ብቻ አይደለም። ብልህ ገበሬ ሞፈሩንና ቀንበሩን፥ ጠፍሩንም ማታ ይመረምራል፤ በማለዳ ጠፍር ቢበጠስበት የእርሻው ቀን ይባክናልና።

በሐኪም ዘንድ ደግሞ ትንሽ ልማድ የሰው ነፍስ ያድናል። በ1847 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በቪየና ከተማ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም ነበረ። በሐኪም ቤቱ ብዙ እናቶች ወልደው ሳይነሡ ስለሚሞቱ እጅግ ያዝን ነበር። ከዚህም በኋላ ሐኪሞቹ ወላዶቹን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን መድኃኒት ባለበት ውኃ እንዲታጠቡ አዘዘ። ወዲያውም የሚሞቱት እናቶች ቍጥር እጅግ አነሰ። እጅ መታጠብ ምን ያህል ትንሽ ነገር ነው! ሆኖም ስንት ልጅ እናት አልባ ከመሆን ዳነ!

እናንተም ነገ ሐኪም ወይም ጸሐፊ፥ መምህር ወይም ገበሬ ትሆናላችሁ። ልማዱን ግን የሥራው ቀን ሲደርስ አታገኙትም፤ ዛሬ ጀምሩት። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት መጽሐፋችሁን በቦታው አኑሩ፤ ጧት በጊዜ ተነሡ፤ አዲሱን ከመማራችሁ በፊት የትናንቱን አንብቡ፤ ስትሳሳቱ ለመታረም አትፈሩ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል።