የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሽሪምፕ ገንዳ፦ ውኃውን የሚያጠራው ማን ነው?

ባሕር ዳር፦ ባለፈው ሳምንት አንዲት የከተማችን ነዋሪ ስልክ ደውለው አንድ ጥያቄ አቅርበውልን ነበር። ልጃቸው በጀርመን ሀገር ይኖራል። በቤቱ ባለ የመስታወት ገንዳ ቀያይ ሽሪምፖችን ያረባል፤ የገንዳውን ወለል ያለበሰውም በቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እናት ገንዳውን በስልክ ምስል ሲመለከቱ አንድ ነገር አስገረማቸው። ልጃቸው ከሱቅ በከረጢት የገዛው ድንጋይ ከቤታቸው አጠገብ ለግንባታ ከተከመረው «ሬድ አሽ» የሚለይበት ነገር አልታያቸውም። እርሳቸውም በሳሎናቸው ላለው የዓሣ አኳሪየም ከዚያው ክምር ቢጠቀሙ ጉዳት ይኖረው እንደኾነ ነበር የጠየቁት።

የእናት ዓይን አልተሳሳተም። ድንጋዩ አንድ ዓይነት ነው። ይኹን እንጂ በገንዳ ውስጥ ያለ እንስሳ እንዲኖር ወይም እንዲሞት የሚያደርገው ድንጋዩ ራሱ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄውን ለመመለስ ጥቂት ወደ ኋላ ሄዶ መጀመር ያስፈልጋል።

ከመሬት ሆድ የሚወጣ ቅልጥ ዓለት ብዙ ጋዝ አምቆ ይይዛል። ወደ ላይ ሲወጣ ጫናው ስለሚቀንስለት ጋዙ ልክ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚኾነው ይንተከተካል፤ ዓለቱም አረፋው ሳይጠፋ ቀዝቅዞ ይደርቃል። በድንጋዩ ላይ የምናያቸው ቀዳዳዎች የዚያ አረፋ አሻራዎች ናቸው። ቅላቱ ደግሞ በውስጡ ያለው ብረት በትኩሱ ከአየር ጋር ተገናኝቶ የዛገው ዝገት ነው። አካባቢያችን ለዚህ ድንጋይ እንግዳ አይደለም። ጣና ራሱ በደቡብ በኩል በፈሰሰ ቅልጥ ዓለት ተገድቦ የቆመ ሐይቅ ነው፤ በእንጅባራ አቅራቢያ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅም በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው። በሌላው ዓለም የአኳሪየም ወዳጆች በኪሎ የሚገዙትን ድንጋይ እኛ በገልባጭ መኪና እያራገፍን ለመንገድና ለቤት መሠረት እንሞላዋለን።

ብሎኬት ለመሥራት የሚያገለግለው ነጣ ያለው ቀላል ድንጋይ ከዚህ ይለያል። እርሱም ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቢኾንም አየሩ ወጥቶ ውኃ እስኪሞላው ድረስ ስለሚንሳፈፍ ለገንዳ ወለል አይመችም።

አሁን ወደ ውኃው እንግባ። ሽሪምፕም ኾነ ዓሣ የበላውን ፕሮቲን ሲጠቀም የሚተርፈውን ናይትሮጂን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ያስወጣል። ሳይበላ የቀረ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይኾናል። በወንዝና በሐይቅ ውስጥ ይህ ተበትኖ ይጠፋል፤ በ40 ሊትር ገንዳ ውስጥ ግን የሚሄድበት ስለሌለ እንስሳው በገዛ ራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። ከዚህ የሚያድኑት ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ናይትራይትም መርዝ ነው። ናይትሬት ግን እጅግ ካልበዛ በቀር ብዙም አይጎዳም፤ ዕፅዋትም ይመገቡታል።

አርሶ አደሮች ይህንን ሥራ ሳያውቁት አይቀሩም፤ በማሳቸው በየዓመቱ ይሠራልና። ለበቆሎ የሚበተነው ዩሪያ በአፈር ውስጥ መጀመሪያ ወደ አሞኒያነት፣ ቀጥሎም በእነዚሁ ባክቴሪያዎች አማካኝነት ወደ ናይትሬትነት ተለውጦ ነው ሰብሉ የሚያገኘው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1890 እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያወጣቸውም ከአፈር ነበር። የማሳው ሠራተኛና የገንዳው ሠራተኛ አንድ ዓይነት ፍጥረት ነው ማለት ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በውኃው ውስጥ እየዋኙ አይኖሩም ለማለት ይቻላል፤ አብዛኞቹ በአንድ ነገር ላይ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። የቀዳዳማው ድንጋይ ጥቅም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለስላሳ የወንዝ ጠጠር ያለው ገጽ ከውጭ የሚታየው ብቻ ሲኾን የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ግን ውስጡም ጭምር መኖሪያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው ዓሣንና አትክልትን በአንድ ውኃ የማልማት መመሪያ የአንድ ሜትር ኩብ የእሳተ ገሞራ ጠጠርን ገጽ ከ300 እስከ 400 ካሬ ሜትር ይገምተዋል። በገንዳ ዓሣ ለማርባት ለሚያስቡ አርሶ አደሮችም ቁም ነገሩ ይኸው ነው፤ በማጣሪያ በርሜል ውስጥ የሚሞላው ከ8 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠጠር ከዚሁ ክምር ሊገኝ ይችላል።

ነገር ግን ቤቱ መሠራቱ ነዋሪው ገብቷል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። በግብርና ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ገንዳ አዘጋጅተን፣ ድንጋዩን አሳምረን አጥበን በማግሥቱ ስምንት የቆሮሶ ጫጩቶችን ጨመርንበት። ድንጋዩ ውኃውን ያጣራል ተብለን ስለነበር ሌላ አላሰብንም። በሁለተኛው ሳምንት አንድም አልተረፈንም። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ውኃው እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ መኾኑ ነው። አሞኒያም ናይትራይትም ቀለም የላቸውም።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ሲራቡ ቀርፋፎች ናቸው። አንዳንድ የአንጀት ባክቴሪያዎች ከተመቻቸው በ20 ደቂቃ በእጥፍ ሲባዙ፣ እነዚህ ግን ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይወስድባቸዋል። ስለዚህ አዲስ ገንዳ ለእንስሳ የሚመቸው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከቆየ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ባዶው ገንዳ አየር እየተነፋለት ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨመርበታል፤ ባክቴሪያውም ከሚበሰብሰው ምግብ አሞኒያ እያገኘ ይበዛል። መለኪያ ያለው ሰው አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ መኾናቸውን አይቶ እንስሳውን ያስገባል። መለኪያ የሌለው ከስድስት ሳምንት በኋላ ሁለትና ሦስት እያደረገ ቢጀምር ይሻላል። ጤነኛ ገንዳ ካለው ወዳጅ ጥቂት ድንጋይ ሳይደርቅ በውኃ ይዞ መጥቶ መጨመርም ጊዜውን ያሳጥራል፤ እርሾ እንደ መዋስ ነው።

የውኃው ዓይነትም ይወስናል። በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ፒኤች 7 በኾነ ውኃ ከጠቅላላው አሞኒያ ውስጥ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። ፒኤች 8 ሲኾን ከመቶ 5 እጅ ገደማ ይደርሳል፤ 9 ሲገባ ከሲሶ ያልፋል። በአንዱ ሰፈር ያልጎዳ የቆሻሻ መጠን ፒኤቹ ከፍ ያለ የጉድጓድ ውኃ ባለበት ሌላ ሰፈር የሚገድለው ለዚህ ነው።

የልጁን ሽሪምፖች በተመለከተ፣ በየሀገሩ በብዛት የሚረባው ቀዩ ዝርያ ሳይንሳዊ ስሙ ኒዮካሪዲና ዴቪዲ ይባላል። የትውልድ ቦታው ታይዋንና ምሥራቃዊ ቻይና ነው። በዱር ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቡናማ መልክ ያለው ሲኾን ቀዩ ቀለም ሰዎች እየመረጡ በማርባት ያወጡት ነው። ቢያድግ 3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እናቲቱ 20፣ 30 እንቁላል በሆዷ ሥር ይዛ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ትቆያለች፤ የሚፈለፈሉት የወላጆቻቸውን መልክ የያዙ፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ናቸው። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የሚመገቡት በድንጋይና በቅጠል ላይ የሚጋገረውን ባክቴሪያና አልጌ የያዘ ስስ ሽፋን ነው። ሻካራው ድንጋይ ለእነርሱ መሸሸጊያም የግጦሽ መስክም ነው።

ታዲያ ወለሉን ሙሉ በሙሉ በዚህ ድንጋይ ማልበስ ይገባልን? በእኔ አስተያየት አይገባም። በትላልቅ ድንጋዮች መካከል ያለው ክፍተት ምግቡንና ኩሱን ይውጠዋል፤ ሽሪምፖቹ ቢደርሱበትም ሰው በቱቦ ስቦ ሊያወጣው አይችልም። ተጠራቅሞ ሲበሰብስ እናጠፋዋለን ያልነውን አሞኒያ መልሶ ያመርታል። የተሻለው ወለሉን በደቃቅ አሸዋ ወይም ጠጠር ሸፍኖ የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ በላዩ በአንድ ጥግ መከመር ነው። ወለል ላይ እየተሳቡ የሚመገቡ ዓሦች ካሉ ደግሞ ስለታም ጠርዙ አፋቸውን ያቆስላል። ለስላሳና አሲዳማ ውኃ የሚፈልጉ ሌሎች የሽሪምፕ ዝርያዎች ከእሳተ ገሞራ አመድ በተገኘ ሸክላ አፈር ላይ ይረባሉ፤ ያ አፈር የውኃውን ፒኤች ይቀንሳል፣ ድንጋዩ ግን ይህንን አይሠራም። ስማቸው ስለሚቀራረብ አንዱን ለሌላው የሚገዙ አሉ።

ወደ ደዋያችን እንመለስ። ከግንባታ ክምር መውሰድ ይቻላል፤ ጥንቃቄው ድንጋዩ ምን እንደነካው ማወቁ ላይ ነው። ሲሚንቶ የተቦካበት፣ የመኪና ዘይት የፈሰሰበት፣ ፀረ ተባይ የተከማቸበት ቦታ ከኾነ አይነካ። ቀዳዳማ ድንጋይ ቆሻሻንም እንደ ውኃው ይመጣል። ጥቂት ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ጠብ ሲደረግበት አረፋ ካስነሣ ኖራ ወይም ሲሚንቶ አለበት ማለት ነው። ንጹሑ በብሩሽ ተፈትጎ፣ ቀዩ ደለል እስኪያልቅ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ለቀናትም ውኃው እየተለወጠ ይዘፈዘፋል። በከሰል ላይ ማቃጠል ግን ክልክል ነው፤ በውስጡ የታመቀው ውኃ እንፋሎት ሲኾን ድንጋዩ ሊፈነዳ ይችላል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ባክቴሪያውን ስለሚገድል አንድና ሁለት ቀን በባልዲ ሳይከደን ይደር። አንዴ ሥራ የጀመረ ድንጋይም በገንዳው በራሱ ውኃ እንጂ በቧንቧ ውኃ አይለቅለቅ።

ሽሪምፕ ያለው ሰው ተጨማሪ ሥጋት አለበት። ሽሪምፕ ለነፍሳት የቅርብ ዘመድ በመኾኑ በቤት ውስጥ ለዝንብና ለትንኝ የሚረጩት፣ በማሳም የምናውቃቸው እንደ ሳይፐርሜትሪን ያሉ መድኃኒቶች በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከግራም አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ መጠን ሊገድሉት ይችላሉ። ለቲማቲምና ለቡና በሽታ የሚረጨው መዳብ ያለበት መድኃኒትም እንዲሁ ነው። የሽሪምፕ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በመዳብ ቢኾንም ከውጭ የሚጨመርለትን መዳብ አይችልም። የመርጫ ዕቃ የያዘ እጅ ሳይታጠብ ገንዳ ውስጥ አይግባ።

እናት ልጃቸው ሲመጣ ሽሪምፕ ይዞ እንዲመጣ ያስቡ እንደኾነም ጠይቀውን ነበር። ይህንን አንመክርም። በጀርመን ከኃይል ማመንጫ ሙቅ ውኃ በሚገባበት ጊልባኽ በተባለ አነስተኛ ወንዝ ውስጥ ይኸው ዝርያ ከሰው ገንዳ ወጥቶ ሲራባ ተገኝቷል። እዚያ ሙቀቱ ከሚያበቃበት ወዲያ የክረምቱ ብርድ ያግደዋል። ጣና ግን ብርዳማ ክረምት አያውቅም፤ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎችም ያሉበት ሐይቅ ነው። ከውጭ የገባ ፍጥረት ምን እንደሚያደርግ በእምቦጭ አይተናል። ሽሪምፕ ባይኖርም እንኳ ከአኳሪየም የሚወጣው ውኃ ወደ ቦይ ሳይኾን ወደ ጓሮ ጎመኑ ይፍሰስ፤ ናይትሬቱ ለጎመኑ ማዳበሪያ ይኾነዋል።