አንድ ሰርቨር እንዴት ሃያ ይሆናል?

በሰርቨር መመሪያ መጨረሻ ገጾች ላይ ብዙ ሰው ዓይኑን የማያሳርፍበት አንድ መስመር አለ፤ ማሽኑ እንዲሠራ የተፈቀደበት ከፍታ። በተለመዱት ሰርቨሮች ላይ 3,050 ሜትር ገደማ ይላል። በሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ ጓሳ የሣር መሬት ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ የአካባቢው ከተማ መሐል ሜዳም ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ሰርቨር የሚቀዘቅዘው ፋኑ በሚገፋው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ በተለመደው መመዘኛ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው የክፍል ሙቀት አንድ ዲግሪ ይቀነሳል፤ ቆላ ላይ 35 ዲግሪ የሚችል ማሽን አዲስ አበባ ላይ 30፣ 3,000 ሜትር ላይ 28 ዲግሪ ብቻ ይችላል። ይህንንስ የመንዝ ብርድ ይክሰዋል። ተሽከርካሪውን ሃርድ ዲስክ ግን ብርድ አይረዳውም፤ ማንበቢያ ጭንቅላቱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ስለሆነ አየር ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ጓሳ አፋፍ ላይ የግድ ማሽን ማስቀመጥ ያለበት ሰው ኤስኤስዲ ይግዛ።

ደግነቱ የሚያስገድድ ነገር ብዙም የለም። መሐል ሜዳ የባንክ መስኮት ላይ ሒሳቡን የሚጠይቅ ገበሬ ጥያቄው አዲስ አበባ ወርዶ፣ መልስ ይዞ ይመለሳል። እዚያ መልስ የሚሰጠውም በእጅ የሚዳሰስ ሰርቨር ላይሆን ይችላል። ዛሬ በየዳታ ሴንተሩ የተለመደው በአንድ ብረት ውስጥ ብዙ ሆኖ የሚኖር፣ ብቻዬን ነኝ ብሎ የሚያምን ቨርቹዋል ማሽን ነው። ለባንኮቹ፣ ለዩኒቨርሲቲዎቹና ለሆስፒታሎቹ የአይቲ ሠራተኞች ላለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ራስ ምታት የሆነው ጥያቄም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ይህን ሥራ የሚሠራልን ሶፍትዌር የቱ ይሁን?

መጀመሪያ አሠራሩ። ድሮ ለደመወዝ ፕሮግራሙ አንድ ሰርቨር፣ ለኢሜይሉ አንድ፣ ለዳታቤዙ አንድ ይገዛ ነበር። እያንዳንዱ ቀኑን ሙሉ ከአቅሙ ጥቂቱን ሲሠራ ይውላል፤ ሥራ ቢፈታም መብራት መብላቱን አያቆምም። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ሶፍትዌር በብረቱና በኦፐሬቲንግ ሲስተሞቹ መካከል ይገባና ለእያንዳንዱ «ይኸው ፕሮሰሰርህ፣ ይኸው ራምህ፣ ይኸው ዲስክህ» ይለዋል። ዲስክ ያለው አንድ ትልቅ ፋይል ነው። የኔትወርክ ካርድ ያለውም ሶፍትዌር ነው።

ከባዱ ፕሮሰሰሩ ነው። ዊንዶውስም ሆነ ሊነክስ የተጻፈው የማሽኑ ብቸኛ አዛዥ እኔ ነኝ ብሎ ነው። ሜሞሪ ያደላድላል፣ ፕሮሰሰሩን ያስቆማል፣ ያስነሳል። ሃያ አዛዥ በአንድ ፕሮሰሰር ላይ ቢያዝዝ ምን ሊመጣ እንደሚችል ግልጽ ነው። መፍትሔው ሥልጣናቸውን ሳይነግሯቸው መግፈፍ ሆነ። አንዱ የአዛዥነት ትእዛዝ ሊሰጥ ሲል ፕሮሰሰሩ ራሱ ያዝ ያደርገውና ሃይፐርቫይዘሩን ይጠራል፤ ሃይፐርቫይዘሩ ነገሩን በዚያ ማሽን ድርሻ ላይ ብቻ ፈጽሞለት ይመለሳል። አዛዡ ምንም አላወቀም። አይቢኤም ይህን በትልልቅ ማሽኖቹ ላይ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሠርቶታል፤ ፖፔክና ጎልድበርግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ደግሞ በ1974 አንድ ፕሮሰሰር ለዚህ እንዲመች ምን ማሟላት እንዳለበት ጽፈዋል። ችግሩ በየቢሮው የተሰራጨው የኢንቴል ፕሮሰሰር ይህን አለማሟላቱ ነበር፤ 17 ያህል ትእዛዞች ሳይያዙ ሾልከው ያልፉና የተሳሳተ ውጤት ይሰጣሉ። በ1998 የተቋቋመው ቪኤምዌር ስሙን የተከለው እነዚህን ትእዛዞች ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ እያደነ፣ በሌላ ኮድ እየተካ በማሳለፍ ነው። ጥሩ ብልሃት ነበር፤ ግን ዕድሜው አጭር ሆነ። ከ2005 ጀምሮ ኢንቴል፣ ቀጥሎም ኤኤምዲ፣ የመያዙን ሥራ ቺፑ ውስጥ ከተቱት። በ2007 ኬቪኤም የተባለው ሃይፐርቫይዘር ወደ ሊነክስ ገባ፤ በ2008 ማይክሮሶፍት የራሱን፣ ሃይፐርቪን፣ አወጣ።

ከዚያ ወዲህ የሁሉም ልብ አንድ ዓይነት ነው። የሽያጭ ሰዎች ይዘውት የሚመጡት የማወዳደሪያ ሰንጠረዥ ላይ ሁሉም ሳጥን «አለው» የሚለው ለዚህ ነው። ልዩነቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል፤ በእኔ አስተያየት በክፍያው፣ በባለሙያውና በድልድሉ ደንብ።

ስለ ድልድል ደንብ የመንዝ ሰው የሚያውቀው ይበልጣል። ጓሳ ለዘመናት የተጠበቀው በቀሮ ሥርዓት ነው። መብቱ አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ተወላጆች ነበር፤ በተመረጠ አባ ቀራ እየተመራ መሬቱ ለተከታታይ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋል፤ የጓሳው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ይታጨዳል፣ ከብት ይገባል፣ ክረምት ሲመጣ ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቀሮ ሲፈርስ ሣሩ ተጎዳ፤ ያገገመው ኅብረተሰቡ በኮሚቴና በእድር እንደገና ደንብ አበጅቶ ነው። ቨርቹዋል ማሽኖቹን የተሸከመው ሰርቨርም እንዲህ ያለ የወል ሀብት ነው። 128 ጊጋባይት ራም ላለው ሰርቨር ለማሽኖቹ በድምሩ 200 ጊጋባይት ቃል መግባት ይቻላል፤ ቪኤምዌርንና ኬቪኤምን የመሰሉ ሶፍትዌሮች ይፈቅዳሉ፤ ሁሉም በአንድ ቀን ስለማይጠይቅ ለወራት ይሠራል። የወር መጨረሻ ላይ ደመወዙ፣ ሪፖርቱና ባካፑ አንድ ላይ ሲነሱ ግን ራም ያልቃል፤ ሃይፐርቫይዘሩ ከአንዱ ቀምቶ ለሌላው መስጠት፣ ሲብስም የራሙን ይዘት ወደ ዲስክ ማውጣት ይጀምራል። ዲስክ ከራም አንጻር በጣም ቀርፋፋ ስለሆነ ሁሉም ማሽን አብሮ ይንፏቀቃል፤ ማን እንዳመጣውም አይታወቅም። የፕሮሰሰር ኮር ከቁጥሩ በላይ ቢታደል ብዙ አይጎዳም፤ ራም ላይ ግን አንድ «ዝግ ነው» የሚል ሰው ያስፈልጋል። አለቃ «ለኔ ክፍል አንድ ማሽን ጨምሩልኝ» ሲል እምቢ የማለት ሥልጣን ያለው።

አሁን ወደ ክፍያው። ቪኤምዌር ለረጅም ጊዜ የዘርፉ መለኪያ ነበር፤ ዛሬም ለትልቅ ተቋም በብዛት የተፈተነው እሱ ነው። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ ኅዳር 2016 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2023) ቪኤምዌርን ገዝቶ ካጠናቀቀ በኋላ ግን አንዴ ከፍሎ ለዘላለም መጠቀም ቀረ፤ ሁሉም በየጊዜው የሚታደስ ሰብስክሪፕሽን ሆነ። ሒሳቡ በኮር ነው፤ ፕሮሰሰሩ ስምንት ኮር ቢኖረውም ቢያንስ የ16 ኮር ይከፈላል። በ2024 መጀመሪያ ኢኤስኤክስአይ የሚባለው የቪኤምዌር ሃይፐርቫይዘር ነፃ ቅጂ ቀርቶ ነበር፤ በ2025 ተመልሷል፣ ግን ለመማሪያ ያህል ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ነገር ጨምሩበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ዘለለ። ለዓመት 10,000 ዶላር የሚከፈልበት ላይሰንስ ካለ፣ አንድ ኮር ሳይጨመርበት ከ570,000 ብር ወደ ሚሊዮን አለፈ ማለት ነው። የአንድ ጊዜ ግዢ ቢሆን ድንጋጤውም የአንድ ጊዜ ነው፤ ሰብስክሪፕሽን ግን ምንዛሪውን በየእድሳቱ ያስታውሳል። በጀቱን በብር የሚያጸድቅ ተቋም በዶላር የሚታደስ ነገር ላይ ሁሉንም ሥራውን ሲያስቀምጥ ይህን አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ሃይፐርቪ የሚስማማው ዊንዶውስ ሰርቨር በሕጋዊ ላይሰንስ ለገዛ መሥሪያ ቤት ነው፤ አብሮ ይመጣል፣ ባለሙያውም መስኮቶቹን ያውቃቸዋል። ልብ የሚባለው ነገር አንድ ነው፤ ስታንዳርድ የሚባለው ላይሰንስ ሁለት የዊንዶውስ ቨርቹዋል ማሽን ብቻ ይፈቅዳል። ሦስተኛውን ለመጨመር ላይሰንሱን መድገም፣ ወይም ብዛት የማይገድበውንና ዋጋው ብዙ እጥፍ የሆነውን ዳታሴንተር መግዛት ነው። ይህ ደንብ ሃይፐርቫይዘሩ የሌላ ድርጅት ቢሆንም ይሠራል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ፕሮክስሞክስን ስለጫኑ የዊንዶውስ ዕዳ አይሰረዝም።

ፕሮክስሞክስ ከቪየና፣ ኦስትሪያ፣ ከ2008 ጀምሮ ያለ ነው። ከሥሩ ኬቪኤም ነው፤ ሙሉው ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፣ የሚከፈለው ለድጋፍና ይበልጥ ለተፈተነው የማሻሻያ ማከማቻ ነው፤ በፕሮሰሰር ሶኬት ይሰላል። ያልከፈለ ሰው ሲገባ የምታስታውስ አንዲት ማስታወቂያ ብቅ ትላለች፤ «እሺ» ብሎ ማለፍ ነው። ለወረዳ ሆስፒታል፣ ለኮሌጅ፣ ለመካከለኛ ድርጅት እኔ ይህን እመርጣለሁ። ዋጋው የሚከፈለው በሌላ መንገድ ነው፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲቆም ጥቁሩን የሊነክስ ስክሪን የማይፈራ ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ ብቻ ከሆነና የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ከሄደ ነፃው ሶፍትዌር ውድ ይሆናል። ኤክስሲፒ-ኤንጂም ዚን በተባለው ሃይፐርቫይዘር ላይ የተሠራ ጥሩ አማራጭ ነው። ኑታኒክስ ስቶሬጁንና ሃይፐርቫይዘሩን አንድ አድርጎ ይሸጣል፤ ምቹ ነው፣ ሰብስክሪፕሽኑ ግን ያው የዶላር ነገር ነው።

ሁሉም የሚኩራሩበት ነገር የሚሠራን ማሽን ሳያጠፉ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ማዛወር ነው። ራሙ እየተሠራበት በኔትወርክ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥ የተቀየረው እንደገና፣ ከዚያም የተቀየረው እንደገና፤ የቀረው ጥቂት ሲሆን ማሽኑ ለቅጽበት ቆሞ እዚያ ማዶ ይነሣል። ስምንት ጊጋባይት ራም በአንድ ጊጋቢት መስመር ከደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ በአሥር ጊጋቢት ሰባት ሰከንድ ገደማ። ዳታቤዙ መስመሩ ከሚሸከመው በላይ እየጻፈ ከሆነ ግልበጣው አያልቅም። ሶፍትዌር ለማወዳደር ወራት የሚፈጁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት የኔትወርክ ስዊቹን ነው።

ሌላው አደጋ የሁለት ሰርቨር ነገር ነው። በመካከላቸው ያለው ገመድ ቢበጠስ እያንዳንዱ ሌላው ሞቷል ይላል፤ ሁለቱም አንዱን ማሽን በአንድ ዲስክ ላይ ካስነሡት ፋይሉ ይበላሻል። ስለዚህ ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ሰርቨር መሆን የለበትም፤ ፕሮክስሞክስም ሆነ ሃይፐርቪ በትንሽ ማሽን ላይ የተቀመጠ መስካሪ ይበቃቸዋል። ብቻ መስካሪው ከሁለቱ ጋር በአንድ ዩፒኤስ ላይ አይሰካ። መብራት ተመልሶ ሲመጣም ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ እንዳይነሣ ቅደም ተከተል ይሰጠው፤ ዲኤንኤሱና የተጠቃሚ መግቢያው ቀድሞ፣ ዳታቤዙ ቀጥሎ፣ ፕሮግራሞቹ በመጨረሻ።

ከቪኤምዌር ወደ ፕሮክስሞክስ ለሚሄድ የመጨረሻ ነገር። ከ2024 ወዲህ ማሽኖቹን ከኢኤስኤክስአይ በቀጥታ የሚያስገባ መሣሪያ አብሮት አለ፤ ሊነክሶቹ ብዙም አያስቸግሩም። ዊንዶውሱ ግን አዲሱን የዲስክ መቆጣጠሪያ ስለማያውቅ ገና ሲነሣ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል። ቪርትአይኦ የሚባለውን ድራይቨር ከመዛወሩ በፊት መጫን፣ ከተዛወረም በኋላ ዲስኩን መጀመሪያ በሳታ አስነሥቶ፣ ዊንዶውሱ አዲሱን መቆጣጠሪያ እንዲያውቅ በላዩ አንድ ትንሽ ዲስክ በቪርትአይኦ ጨምሮ፣ ከዚያ ዋናውን መቀየር ነው። ስናፕሾትን እንደ ባካፕ አይቁጠሩት፤ የሚቀመጠው እዚያው ስቶሬጅ ላይ ስለሆነ ስቶሬጁ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ባካፑ ሌላ ማሽን ላይ ይሁን፤ ከእሱ አንድ ማሽን ተመልሶ ተነሥቶ ዳታቤዙ ሲከፈት ሳይታይ የድሮው ሰርቨር አይጥፋ። ዝውውሩም የወር መጨረሻ ላይ አይሁን።