ስለ ተንቀሳቃሽ ጄነሬተርና ስለ መሬት ዘንግ አገባብ

በወላይታና በዳውሮ ወሰን፤ በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኃይሉም 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን ግድቡ በአጠገብ መኖሩ መስመር በተበጠሰ ጊዜ መብራት እንዳይጠፋ አያደርግም፤ ምሰሶ ያልደረሰበትም እርሻ አለ። በሶዶ ከተማ በኦቶና እንዳለው ላለ ሆስፒታል፤ ለገጠሩም ወፍጮና የውሃ ፓምፕ፤ ጄነሬተር አስፈላጊ የሚሆነው ስለዚህ ነው። አያያዙን ላላወቀ ሰው ግን ይኸው ረዳት ገዳይ ይሆናል።

ብዙ ሰው የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ተክሎ ሽቦ ካሰረበት አደጋው ሁሉ የራቀለት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ዘንጉ ከአፈሩ የሚያገኘው ተቃውሞ 25 ኦም ቢሆን፤ ወደ መሬት የሚፈሰው ቢበዛ 8.8 አምፔር ነው። የ16 አምፔር ፊውዝ በዚህ አይቆረጥም፤ የፓምፑም ብረት ኤሌክትሪክ እንደ ያዘ ይቆያል። ሰውን ለመግደል ግን የአንድ አምፔር ዐሥረኛ እጅ ይበቃል። ደግሞም የወላይታ ቀይ አፈር በክረምት ሲርስ ኤሌክትሪክን በደኅና ያሳልፋል፤ በበጋ ሲደርቅ ተቃውሞው ይበዛል። ስለዚህ ዘንጉ እርጥበት እስካለበት ድረስ፤ ወደ 2 ሜትር ተኩል ያህል፤ መግባት አለበት።

ዋናው ጠባቂ በገመዱ ውስጥ ያለው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ነው። እርሱም የፓምፑን አካል ከጄነሬተሩ አካል ጋራ ያገናኛል። የጄነሬተሩ ኒውትራል ከአካሉ ጋራ የታሰረ እንደ ሆነ፤ ሽቦ ተልጦ ብረቱን በነካ ጊዜ ኃይሉ በዚህ አጭር መንገድ ተመልሶ ፊውዙን ይቆርጠዋል። ኒውትራሉ መታሰሩንና አለመታሰሩን ባለሙያ ይመርምር፤ በ0.03 አምፔር የሚቆርጥ መሣሪያም ቢጨመር መልካም ነው። ይህን ሽቦ ቆርጦ ባለ ሁለት እግር ሶኬት ማድረግ ጠባቂውን ማባረር ነው።

ሁለተኛው አደጋ ጄነሬተርን በቤቱ ሶኬት በኩል ከመስመር ጋራ ማገናኘት ነው። ትራንስፎርመር በሁለቱም ወገን ይሠራል፤ ከቤት የወጣው 220 ቮልት በምሰሶው ላይ ብዙ ሺህ ቮልት ሆኖ፤ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ የወጣውን ሠራተኛ ይገድለዋል። ከቤት መስመር ጋራ የሚገናኝ ጄነሬተር ሁሉ አንዱን ሳይዘጋ ሌላውን የማይከፍት መቀያየሪያ ሊኖረው ግድ ነው።

ሦስተኛው ጢሱ ነው። ሌባንና ዝናብን በመፍራት ጄነሬተርን ቤት ውስጥ የሚያስነሣ ሰው ቤተሰቡን ለካርቦን ሞኖክሳይድ አሳልፎ ይሰጣል። ይህ መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ጄነሬተሩ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፤ ጣራ ባለው ግድግዳ በሌለው ዳስ ይቀመጥ። ነዳጅም ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይጨመር።

እንግዲህ የዞንና የወረዳ ሹማምንት፤ ባለ እርሻዎችም፤ ወፍጮ ወይም ፓምፕ ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ ዘንጉን ብቻ አይተው አይመለሱ። ገመዱን፤ መቀያየሪያውንና የጢሱን መውጫ አብረው ይመርምሩ። ጉድለቱን ያገኙ እንደ ሆነ ሞተሩን ለአንድ ቀን ማቆም ከአንድ ሰው ሕይወት ይልቅ የቀለለ ኪሣራ ነው።